የታየ ብቻ ይጻፍ

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስሜ የትም አልሰፈረበትም፤ በግርጌው የሚታየው የድርጅቱ ማኅተም ብቻ ነው። ሆኖም እያንዳንዱን ጥያቄ፣ እያንዳንዱን ባዶ ሳጥን፣ በጀርባው የሰፈሩትን ማሳሰቢያዎች ጭምር አዳማ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በሦስት ሳምንት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች የምተርከውን ነገር በሌላ ሰው ላይ ለማላከክ እንዳልፈተን ነው።

ረጅም ዘመን በመምህርነት አገልግያለሁ። የማስተምረው የምርምር ስልት ነበር፤ መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ጠያቂው የራሱን ስሜት ከተጠያቂው መልስ ጋር እንዳይቀላቅል ምን ማድረግ እንዳለበት፣ አንድ ነገር ታየ ለማለት ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከሰው ጋር ብዙም አልገናኝም ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ይባስ። እሱ ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ድርጅቱ አነስተኛ ነው። በአዳማና ከዚያ ወደ ደቡብ በአውራ ጎዳናው ላይ በተደረደሩት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አካል ጉዳተኛና ችግረኛ ሕፃናትን ይረዳል። ሥራ አስኪያጁ ቤቴ ድረስ የመጣው በጥሩ ጊዜ አልነበረም። ለሕፃናት የመጣ ተሽከርካሪ ወንበር ከአንድ ሆቴል ደጃፍ፣ የባለቤቱ እናት ፀሐይ ሲሞቁበት ተገኝቶ፣ ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ ስማችን ጠፋ» አለኝ። «ዝርዝሩን የሚሞሉት የሚያውቁትን ሰው እየጻፉ ነው። አንዱ ‹ዘመዴ ነው› ይላል፣ ሌላው ‹እናቱ ስታለቅስ አላስችል አለኝ› ይላል። እርስዎ የማንም ዘመድ አይደሉም።»

የመጨረሻውን ቃል እንደ ምስጋና ነበር የተናገረው። እኔም እንደ ምስጋና ተቀበልኩት።

የቅጹ መሠረተ ሐሳብ አንድ ነበር፤ የታየ ብቻ ይጻፍ፣ የተሰማ አይጻፍ። ገምጋሚዎች ወደ ልጁ ቤት ሄደው በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ይመዘግባሉ። ጣሪያው ምንድን ነው? ወለሉስ? አልጋ አለ? ሶፋ አለ? ምንጣፍ፣ ቡፌ፣ ቴሌቪዥን አለ? የቤት ዕቃ በተገኘ ቁጥር የችግረኝነት ነጥቡ ይቀንሳል። እናት ብታለቅስ፣ ጎረቤት ቢመሰክር፣ የቀበሌ ሰው ቢምል ለዚያ የተዘጋጀ ሳጥን የለም። በማሳሰቢያዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስለ ቤቱ ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ቤተሰብ ለሚቀጥለው ዙር እንደማይታይ አስፍሬያለሁ። ያን ስጽፍ ያሰብኩት ዕቃቸውን ስለሚደብቁ ሀብታሞች ነበር። ዕቃ ተበድሮ የሚያሳይ ድሃ ሊኖር እንደሚችል ፈጽሞ አልታየኝም። በዚሁ አገር ተወልጄ፣ በዚሁ አገር አርጅቼ፣ አልታየኝም።

በዚያ ዓመት የሚመረጡት ሕፃናት አሥራ ሁለት ነበሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ከውጭ የሚመጡ የአጥንት ሐኪሞች አዳማ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ስለሚሠሩ፣ ድርጅቱ እግራቸው የተጣመመ ልጆችን መርጦ ይልክላቸዋል። በእኛ አካባቢ ይህ ችግር እንግዳ አይደለም። የጉድጓዱ ውሃ በአያሌ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ ጥርስን ያበልዛል፣ ሲበዛና ልጁ ምግብ ሲያጣ ደግሞ አጥንትን ያጎብጣል። ሐኪሞቹ የሚሉት፣ ልጁ በማደግ ላይ ሳለ ከተደረሰበት ጉልበቱ አጠገብ ትንሽ ብረት ተደርጎ አጥንቱ እያደገ በራሱ እንዲቃና ማድረግ ይቻላል፤ እድገቱ ካቆመ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ የጊዜ ጉዳይ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቡልቡላ የገባሁት ከሌሎቹ ገምጋሚዎች አንድ ቀን ቀድሜ ነው። እዚያ ድሮ ያስተማርኩት፣ ኋላ ግን ማስተማሩን ትቶ እህል ንግድ የገባ ሰው አለ። «መምህር ሆቴል አያድሩም» ብሎ ቤቱ ወሰደኝ። ሳሎኑ ውስጥ ክንዱ ላይ በወርቃማ ክር አበባ የተጠለፈበት ቀይ ሶፋ ነበር። እጄ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ ሲሰጡኝ ግማሹን ክንዱ ላይ ደፋሁት። የቤቱ እመቤት ጨርቅ ይዛ ሮጠች።

«ኧረ ምንም አይደል መምህር! ልጆቹ ስንት ጊዜ ደፍተውበታል! ሶፋ ካልተደፋበት ምኑን ሶፋ ሆነ?»

ብትጠርገውም ምልክቱ ቀረ፤ የተከፈተ መቀስ የመሰለ፣ ጥቁር ቡኒ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የድርጅቱ መኪና ከአዳማ ደረሰ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የምትናገር፣ ፈጠን ያለች፣ ቅጹን ከእኔ ይልቅ በቃሏ የያዘች። የቀበሌው ተወካይ ደግሞ ሰው የሚወደው ቀልደኛ ሰው ነበር። ሦስታችን አምስት ቤት ጎበኘን። ስድስተኛው ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ፣ በቁልቋል አጥር የተከበበ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበር።

እናትየዋ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። በመንገዱ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ሳይመለስ ቀርቷል።

«አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ! ምን ትቆማላችሁ?»

ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ጥርሷን ላለማሳየት ነው፤ የዚያ አገር ሴቶች ብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚስቁት።

ገባን። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ነው፤ በላዩ ግን አዲስ የሚመስል ምንጣፍ ተነጥፎበታል። በአንዱ ግድግዳ ባለ መስታወት ቡፌ ቆሟል። በሌላው በኩል ቀይ ሶፋ አለ። የቀበሌው ሰው በሩ ላይ ቆሞ አፏጨ።

«እንዴ! ዛሬስ ቤተ መንግሥት ገባን!»

«ይቀመጡ እንጂ፤ ሲያፏጩ ዕቃው ይሰበራል» አለችው። ሳቀ።

ልጅቷ ሶፋው መካከል ተቀምጣለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ በአዲስ የተሠራ፣ ጉልበቷ ላይ ነጭ ጋቢ የተደረገላት። ልትነሳልን ስትሞክር ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በእጇ ከለከለቻት፤ ከዚያም አጠገቧ ተቀምጣ መጠየቅ ጀመረች።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ሰባተኛ።»

«ትምህርት ቤት ስትሄጂ ትወድቂያለሽ?»

«መንገዱ ደረቅ ከሆነ ሁለቴ፣ ሦስቴ።»

«ሲዘንብስ?»

«ሲዘንብ ማን ይሄዳል?» አለች፤ የሞኝ ጥያቄ የተጠየቀች ይመስል።

እናትየዋ ከጓዳ መጋረጃው ጀርባ ሆና ተናገረች። «ከክፍሏ አንደኛ ናት። አሁን ያለችበት እንኳ ቅርብ ነው። ዘጠነኛ የሚማሩበት ግን ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው። በዚህ እግሯ አትደርስም። እኔ ልሸከማት እንዳልል አድጋለች።»

ልጅቷ እንድትራመድ ተጠየቀች። ጋቢውን አንስታ ቆመች። ሁለቱ ጉልበቶቿ እንደ ቅንፍ ወደ ውጭ ተለያይተዋል። አሥር እርምጃ ሄደች፤ በእያንዳንዱ እርምጃ መላ ሰውነቷ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ተመልሳ ተቀምጣ ጋቢውን ሳብ አደረገች። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በቅጹ የጤና ክፍል ከፍተኛውን ነጥብ ሞላች። ከዚያ ገጹን ገለጠች። የቤት ዕቃ።

እናትየዋ በሰፌድ ላይ አራት ጠርሙስ ለስላሳ ደርድራ መጣች። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ከቤተሰብ ምንም መቀበል እንደማይፈቀድልን አስረዳቻት። ያም እኔ የጻፍኩት ነው።

«ውሃ ቢሆን ይሁን» አለች እናትየዋ። «የእኛ ውሃ ጥርስ ያበላሻል፣ እግር ያጎብጣል፣ እሺ። ይኼ ግን ከፋብሪካ የመጣ ነው። ይኼም ነውር አለበት?»

የቀበሌው ሰው አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ ጠጣ። «እኔ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለሁም» አለ።

እኔ የተቀመጥኩት ከሶፋው ዳር ነበር። እጄን ክንዱ ላይ ሳሳርፍ የወርቃማውን ክር ሸካራነት መዳፌ አወቀው። ቁልቁል አየሁ። የተከፈተ መቀስ የመሰለ ምልክት። የራሴ ሻይ ነው፤ ትናንት የደፋሁት።

ቀና ስል እናትየዋ እያየችኝ ነበር። ምን እንዳየሁ ገብቷታል። ሰፌዱን አስቀመጠችና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መጥታ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ የነበረውን ዳንቴል አንስታ ክንዱ ላይ አለበሰችው፤ ምልክቱን ሸፈነችው። እጇ ከእጄ አጠገብ ለአፍታ ቆየ። ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ምንም አልተናገርኩም። በዚያች ቅጽበት መናገር እሷን በልጇና በቀበሌው ሰው ፊት ማዋረድ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

መኪናው ውስጥ ገብተን ከቡልቡላ ስንወጣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቅጹን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዕሯን አላነሳችም።

«ያ ሶፋ የእነሱ አይመስለኝም» አለች።

«ለድሃ ሶፋ ተከለከለ እንዴ?» አለ ከፊት የተቀመጠው የቀበሌው ሰው። እስከ አዳሚ ቱሉ ልናደርሰው ይዘነው ነበር። «ሽንኩርት ያዋጣል የኔ እህት! አንቺም ደሞዝሽን ትተሽ ሽንኩርት ጀምሪ።»

«ቁም ነገር እየተናገርኩ ነው። በሩን አይተዋል? ያ ቡፌ በዚያ በር ሲገባ የፋቀው ገና ትኩስ ነው፤ መቃኑ ተልጧል። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ከእሷ በቀር ማንም አልጠየቀኝም፤ እሷም የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቀበሌው ሰው ሲወርድ ጠብቄ ለብቻዋ ልነግራት እችል ነበር። ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ነገር ግን በውስጤ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር፤ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ኩራት ነው። ቅጹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለበት ቀን ነበር። ገና በስድስተኛው ቤት፣ ከሳጥኖቹ ውጭ የሆነ ዕውቀት አለኝ ብዬ ራሴ ላፍርሰው? ደግሞስ ያወቅሁት እንዴት ነው? ወዳጄ ቤት ሻይ ጠጥቼ። ዝምድናና ትውውቅ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳይገባ ነበር የተለፋው።

«ያየሽውን ጻፊ» አልኳት።

ብዕሯን አንስታ ሦስቱን ሳጥኖች ሞላች። ሶፋ አለ። ምንጣፍ አለ። ቡፌ አለ።

ነጥቡ ተደምሮ ሲወጣ ልጅቷ አሥራ ዘጠነኛ ሆነች። ያለ ሦስቱ ዕቃዎች ስንተኛ ትሆን እንደነበር አስልቻለሁ፤ ማስላት ልማዴ ነው። አራተኛ ትሆን ነበር።

የተመረጡት ዝርዝር ቀበሌው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ እናትየዋ አዳማ መጣች። ሚኒባስ ቀያይራ፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ፣ የድርጅቱን በር ሰው እየጠየቀች። የእኔን ስም አታውቅም፤ ለጥበቃው «ያ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ» ብላ ነው የነገረችው። በአጋጣሚ እዚያ ነበርኩ። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«አባኮ፣ እንዳወቁት አውቃለሁ» አለች፤ አባቴ ማለቷ ነው።

«ታዲያ የራሴ አይደለም ለምን አላልሽም?»

«እዚያ? የቀበሌው ሰው ፊት? ‹የሰው ሶፋ ተበድራ እመቤት ሆና ጠበቀችን› ብሎ ገበያውን ሁሉ ያስቅብኝ?»

«ቤቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ልጅሽ ትመረጥ ነበር።»

ይህን ስላት ሰው ሲሳሳት እንደሚታየው አየችኝ፤ በሐዘኔታ።

«እኔ መች ጠየቅሁ? ጎረቤቶቼ ናቸው አራት ሆነው ተሸክመው ያመጡት። ‹የአዳማ ሰዎች ለልጅሽ ብለው ሲመጡ መሬት ላይ ልታስቀምጫቸው ነው?› አሉኝ። አስቀምጬአችሁ ቢሆን ‹ይቺ ሰው አታከብርም፣ ለዚህች የሚሰጥ ሁሉ በከንቱ ነው› አትሉም?»

«አንልም።»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ማን ነገረኝ?» ነጠላዋን አስተካከለች። «እርስዎ ዓይንዎ ሲያርፍበት ግን ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እዚህ አያዋርዱኝም፣ ዞር ብለው ለብቻቸው ይነግሩልኛል አልኩ። ዳንቴሉን ሳለብሰው አደራ ማለቴ ነበር። አልገባዎትም?»

ገብቶኝ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ዘንድ በቃል አይጠየቅም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰውን ገመና አደባባይ ላይ የሸፈነ ሽማግሌ፣ ጓዳ ገብቶ ስለዚያ ሰው የመናገር ግዴታ አለበት። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የፈጸምኩት። መሸፈኑን።

«አቤቱታ እንጽፋለን» አልኳት።

ጻፍኩላት። ካረቀቅኋቸው ጽሑፎች ሁሉ የዚያን ያህል የተጠነቀቅሁበት የለም። ዕቃዎቹ የጎረቤት ንብረት መሆናቸውን፣ ለእንግዳ ክብር ሲባል መምጣታቸውን፣ ጉብኝቱ እንዳበቃ መመለሳቸውን በሦስት አንቀጽ አስቀመጥኩ። ካነበብኩላት በኋላ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። «ገለቶማ» ብላ አመስግናኝ ሄደች። እኔ ስለዚያ ምልክት፣ ስለ ሻዩ፣ በዕለቱ ስለማወቄ በአቤቱታው ውስጥ አንድ ቃል አላሰፈርኩም።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋም ተጠርታ እዚያው ቆማ ነበር። ልቡ ደግ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ጭንቀት ይታይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቻለሁ ብላ በጣቷ መፈረሟ ነው። በጀርባው ያለውን ያውቁታል፤ ራስዎ ነዎት የጻፉት። ይኼን ካለፍኩ ነገ ደግሞ ሁሉም ‹ተበድሬ ነው› ብሎ ይመጣል።»

«ዓላማው ያ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። አንድ መንገድ ብቻ አለ። በጉብኝቱ ዕለት ከገምጋሚዎቹ አንዱ አስተውሎ ከነበረ፣ ጥፋቱ የቤተሰቡ ሳይሆን የእኛ ይሆናል፤ የገምጋሚ ስህተት ብለን እናርመዋለን። አስተውሎ የነበረ ሰው አለ?»

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለች ማኅበራዊ ሠራተኛዋ።

«ጥርጣሬ አይበቃም። ለምን አልጻፍሽውም?»

«ያየሽውን ጻፊ ተብዬ።»

ማን እንዳላት አልጠየቃትም። እሷም አልጨመረችም፤ ቆማ ወደ እኔ ታይ ነበር። ከአፌ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። አውቄው ነበር። የሚመዘገብብኝ ቅጣት የለም፤ ደሞዝ የለኝ የሚቆረጥ። የሚፈርሰው፣ በዕድሜዬ ሁሉ ስለ ራሴ የገነባሁት ሥዕል ብቻ ነው፤ የማያዳላ፣ ያየውን የሚናገር ሰው። ያን ሥዕል ለማዳን ስል ዋሸሁ።

«እኔ አላስተዋልኩም» አልኩ።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ክፍሉን ለቃ ወጣች። በዚያው ዓመት ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ቀበሌ አካባቢ አንዳንዴ እንገናኛለን፤ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ አንቱ ትለኛለች፣ ጋሼ ግን አትለኝም።

የልጅቷ ስም ለሚቀጥለው ዙር እንዳይታይ ተመዘገበ። እኔ ደግሞ ቅጣቱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ይህንን ሁለተኛ ጥፋት ብሎ የሚቆጥርብኝ ሰው ቢኖር አልከራከረውም። በራሴ ወጪ ወዲያው ላሳክማት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ግን እንዲያ ማድረግ ለምን እንዳደረግሁት የሚጠይቅ ሰው ያስነሳል። ዙሩ ሲያልፍ በደንቡ መሠረት ትገባለች፣ ሁሉም ነገር በወግ ይስተካከላል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ዙሩ አለፈ። የሚቀጥለው ሲመጣ መንገዱ አስጊ ነው ተባለና ከውጭ የሚመጡት ሐኪሞች ሳይመጡ ቀሩ።

ያኔ ነው ቡልቡላ ሄጄ ልጅቷን በራሴ ወጪ አዳማ ሐኪም ቤት ያመጣኋት። አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። ቁመቷ ከእናቷ በልጧል። እናቷ ሸቀጧን ትታ መምጣት ስላልቻለች ሁለታችን ብቻ መጣን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ አያቷ መስዬዋለሁ። የራጅ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ በብዕሩ ጫፍ ጉልበቷን አሳየን።

«እዚህ ጋ ያለው ክፍተት ነው አጥንቱ የሚያድግበት። ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ክፍት ቢሆን ኖሮ በትንሽ ብረት እየመራን እናቃናው ነበር። አሁን አጥንቱን ቆርጦ መግጠም ነው የሚቀረው፤ በሁለቱም እግር። እንደዚህ ውሃ የጎዳው አጥንት ደግሞ ቶሎ አይገጥምም። እኔ አልመክርም።»

ልጅቷ ፊልሙን ትክ ብላ አየችው። «ዶክተር፣ አምና መጥቼ ቢሆንስ?»

«አምና እንጃ። ካቻምና ብትመጪ ግን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም እንጂ። «አባባ፣ ለምንድን ነው ሁላችሁም እንዲህ የምታዘገዩት?»

ዓይኔን ወደ ፊልሙ መለስኩ። የሚጽፈውን ወረቀት ጻፈልን።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ሞጆን አለፍን። መቂ ላይ ሻጮች መስኮቱን ሲከቡን ብርቱካን ልግዛልሽ አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«ዘጠነኛን ትቼዋለሁ። አልተመዘገብኩም።»

«እናትሽ ያውቃሉ?» አልኳት። ከዚያ በፊት እናቷን አንቱ ብዬ አላውቅም።

«አታውቅም። ዛሬ የሐኪሙን እስክንሰማ ብዬ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ።»

«በጋሪ የሚያመላልስሽ ሰው ይፈለግ ይሆናል። እኔ …»

«ባለ ጋሪው ዝናብ ሲሆን አይመጣም» አለችኝ። «ደግሞ እማ ብቻዋን ናት። መሸጥ እችላለሁ። ሲሸጡ እኮ ቁጭ ብሎ ነው።»

ቡልቡላ ስንደርስ እናትየዋ ከሽንኩርቱ ክምር ጀርባ ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሚኒባሱ በር መጣች። ልጇን ደግፋ አወረደቻት፤ ከዚያ በልጇ ትከሻ አሻግራ ወደ እኔ ተመለከተች።

«እህስ አባኮ? ምን አሉ?»

ልጅቷ ቀደመችኝ። «ቆይታችኋል አሉን።»

«ማን ነው የቆየው?»

«እኛ ነና፤ ማን ይሆናል?»

እናትየዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። መናገር ነበረብኝ። በኪሴ የነበረውን የሐኪሙን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት፤ ማንበብ እንደማትችል እያወቅሁ። ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ አጥፋ፣ ብሯን ከምትይዝበት መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

«ይግቡ፤ ከፀሐይ ዞር ይበሉ» አለችኝ።

«ሌላ ጊዜ» አልኳት።

በመንገዱ ማዶ ወደ አዳማ የሚመለስ ሚኒባስ ረዳት «ዝዋይ፣ መቂ፣ ሞጆ፣ አዳማ!» እያለ ይጣራል። ተሻግሬ ገባሁ። ሰው እስኪሞላ ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ ቆምን። ከመስኮቱ ሳይ ልጅቷ ከእናቷ ቦታ ገብታ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎንበስ ብሎ የሽንኩርቱን ዋጋ ይጠይቃታል። ይከራከራታል፣ እሷም ትከራከረዋለች። እናትየዋ ግን ቆማ ነበር፤ ወደ እኛ ሚኒባስ ፊቷን አዙራ፣ እስክንነሳ ድረስ።